«ስልሳ ብለሽ ጻፊ»

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሰሞን በማኅበራዊ ዐምዳችሁ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ጠባዩ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያትት ጽሑፍ አንብቤ ነበር። አዛውንት አዲስ ነገር ይፈራል፣ ይረሳል፣ ሰውን በቀላሉ አያምንም፤ ወጣት ችኩልና ደፋር ነው ይላል። በየአንቀጹ «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» የምትል ሐረግ አለች። ብዕር ያነሳሁት ጸሐፊውን ለመንቀፍ አይደለም። ለእንዲህ ያሉ ጥናቶች የሚሆነውን መረጃ ቤት ለቤት እየዞርኩ ስሰበስብ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ስለዚህ ያችን ሐረግ ሳነብ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ቢሮ የተቀመጠው ተመራማሪ ሳይሆን ጸሐይ ላይ ቆማ፣ በር አንኳኩታ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» የምትለው ልጅ ናት።

የምኖረው አዳማ ነው። ጥናት ሲመጣ እንጠራለን፣ ሁለት ሦስት ቀን እንሠለጥናለን፣ ከዚያ ታብሌት ተሸክመን ከፍራንኮ እስከ ገንደ ሀራ፣ አንዳንዴም ወንጂ ድረስ እንበተናለን። ስለ ጤና፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ቁጠባ፣ ያልጠየቅሁት ነገር የለም። የጥናቱ ርእስ ምንም ይሁን ምን ዕድሜ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ከሁሉም ቀላል ተደርጎ የሚታየውም እሱ ነው። በሥልጠና ላይ አምስት ደቂቃ እንኳ አይሰጠውም።

ሥራውን የጀመርኩት በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ላይ ነው፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ በራፋቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አባባ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እኔ እንጃ ልጄ፣ ስልሳ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ። የባለቤታቸውን ስጠይቅ ወደ ጓዳው ዞር ብለው አዩና «ለእሷ ሃምሳ ይበቃታል» አሉ። እሱንም ጻፍኩ። ማታ ሱፐርቫይዘራችን ቅጾቹን አንድ በአንድ ሲያይ የሚፈልገው ባዶ የቀረ ቦታ ነበር። 60 እና 50 ባዶ ቦታ አይደሉም፤ አለፉ።

የእኚያ ሰው ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ሃምሳ አራት ይሁኑ ስልሳ ሰባት ማን ያውቃል? ተመራማሪ ሕዝቡን «ከ60 በታች» እና «60 እና ከዚያ በላይ» ብሎ ለሁለት ሲከፍል እኚያን አባት በአንደኛው ወገን ያሰለፍኳቸው እኔ ነኝ፣ ያውም ሳልጨነቅ።

ይህ የእኔ ብቻ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ለጋዜጣ አልጽፈውም ነበር። የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች የዊፕል መለኪያ የሚሉት አሠራር አላቸው፤ ስሙ የተወሰደው ከአሜሪካዊው ጆርጅ ዊፕል ነው። ከ23 እስከ 62 ዓመት ያለውን ሕዝብ ይወስዱና ስንቱ በዜሮ ወይም በአምስት የሚያልቅ ዕድሜ እንደተናገረ ቆጥረው ከሚጠበቀው አንድ አምስተኛ ጋር ያነጻጽሩታል። ሰው ሁሉ ትክክለኛውን ከተናገረ ውጤቱ 100 ይሆናል፤ ሁሉም 25፣ 30፣ 35 እያለ ከደፈነ 500 ይደርሳል። የአገራችንን የቆጠራ ሰንጠረዥ የሚያይ ሰው መለኪያውም ሳያስፈልገው ይገባዋል። 30፣ 40፣ 50፣ 60 ላይ ሕዝቡ እንደ ጉብታ ተከምሮ፣ ጎናቸው ያሉት 41 እና 59 ላይ ጎድጉዶ ይታያል። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በወሳኝ ኩነት ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በጥናት የምንጠይቀው ጎልማሳና አዛውንት አብዛኛው ያለ ልደት ወረቀት ያደገ ሰው ነው። ባጃጅ የሚነዱ ልጆችን ስጠይቅ ደግሞ ሁሉም «አሥራ ስምንት» ይሉኛል። ለምን እንደሆነ የከተማችን ሰው ያውቀዋል።

ከቆጠራው በኋላ ባለ ጥቁር ሽፋን ደብተር ገዛሁ። ዓመት የማይቆጥር ሰው ሲገጥመኝ የሚያስታውሰውን ክስተት እጠይቅና እሱን በዓመተ ምሕረት እመነዝራለሁ። ጣሊያን ሲወጣ 1933። ወንጂ ስኳር ማምረት ሲጀምር 1946። የቆቃ ግድብ ሲያልቅ 1952። የታኅሣሥ ግርግር 1953። አብዮቱ 1966፣ የመሬት አዋጁ 1967፣ ድርቁ 1977፣ ደርግ ሲወድቅ 1983፣ ሚሊኒየም 2000። «ቆቃ ሲሠራ እናትዎ አዝለውዎት ነበር ወይስ ፍየል ይጠብቁ ነበር?» ብዬ ስጠይቅ፣ «አላውቅም» ያሉኝ ሰው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፣ ፊታቸው ይፈካል፣ ጎረቤት ይጠራሉ፣ ይከራከራሉ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል። በቀን ይህን ያህል መጠይቅ አምጪ የሚል አሠሪ ግን ይህን አሥር ደቂቃ አይወድም።

አንድ ጊዜ ከቦረና መጥተው አዳማ የከተሙ አዛውንት የተወለዱት «በጃልዴሳ ሊበን» እንደሆነ ነገሩኝ። ጃልዴሳ ሊበን የቦረና አባ ገዳ የነበሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1968 ነው። የስምንት ዓመት ስፋት ያለው መልስ ነው፤ ግን ከ«ስልሳ ብለሽ ጻፊ» ይልቅ እውነተኛ ነው፣ ምክንያቱም ስፋቱ ይታወቃል። መጠይቁ ላይ ይህን የምሞላበት ቦታ ግን አልነበረም። ስለ ገዳ የጻፉት አስመሮም ለገሰ ደግሞ ሌላ ነገር አሳይተዋል። ሰው ወደ ገዳ እርከን የሚገባው በተወለደበት ዓመት ሳይሆን በአባቱ እርከን ነው፤ ልጅ ከአባቱ በአምስት የገዳ ዘመን፣ ማለትም በ40 ዓመት ዝቅ ብሎ ይከተላል። ስለዚህ በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ሰዎች አንዱ ገና ታዳጊ፣ አንዱ አገልግሎቱን የጨረሰ ሽማግሌ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። «የዕድሜ እኩያ» የሚባለውን በዓመት ብቻ የሚለካ ተመራማሪ እዚያ ቢሄድ ሁለቱ ሰዎች ለምን እንደማይመሳሰሉ ግራ ይገባዋል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በአረጋውያን አኗኗርና ስሜት ላይ በተደረገ አንድ ጥናት ተቀጠርኩ። ታብሌቱ የትውልድ ዓመት ይጠይቅና ዕድሜውን ራሱ ያሰላል። አንዲት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ቤት ገባሁ። ምጣዱ ላይ ነበረች፤ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ መታወቂያዋን አመጣችልኝ። 1972 ይላል። እሱን አስገባሁ። ታብሌቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሄደው፤ ከ2024 ላይ 1972ን ቀንሶ 52 አለ። ሴትየዋ አርባ አራት ዓመቷ ነው። ከ50 በላይ ለሆኑ ሰዎች ብቻ የተዘጋጀው ክፍል ተከፈተና እኔም ሳላስተውል አነበብኩት፦ «በቤተሰብዎ ላይ ሸክም እንደሆኑ ይሰማዎታል?»

እጇ ላይ ያለውን ማሰሻ አስቀመጠችው። «ሸክም? እኔ?» አለች። ወደ ተደረደረው እንጀራ አመለከተች፤ ሦስት ልጆች በዚያ ነው የሚማሩት። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ማሽኑ ተሳስቶ ነው አልኳት። ግን የተባለው ተብሏል። እስከዚያ ድረስ እየሣቀች ስትመልስልኝ የነበረች ሴት ከዚያ በኋላ ላለው ሁሉ «አላውቅም፣ እንደፈለግሽ አድርጊው» ማለት ጀመረች። ስለ እንቅልፏ ጠየቅኳት፣ «አላውቅም»። ስለ ነገ ተስፋዋ ጠየቅኳት፣ ዝም አለች። በዚያ መጠይቅ ላይ ተስፋ የቆረጠች የ52 ዓመት ሴት አለች። እንዲህ ያለች ሴት በዚያ ቤት ውስጥ አልነበረችም፤ እኛ ነን ያደረግናት።

ማታ ቆጥሬ አየሁት፤ በዚያ ቀን ከሞላኋቸው ዘጠኝ መጠይቆች አራቱ እንዲህ የተዛቡ ናቸው። ለሱፐርቫይዘሩ ነገርኩት። «ሲስተሙ ያሰላዋል፣ አንቺ ዝም ብለሽ ሙይ» አለኝ። በቀሩት ቀናት የሰውን የትውልድ ዓመት በወረቀት እየመነዘርኩ አስገባሁ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ለተወለደ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ ስምንት ዓመት እየጨመርኩ። ሌሎቹ ባልደረቦቼ ምን እንዳደረጉ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ቁጥሩ ትክክል በሆነ ጊዜም ሌላ ችግር አለ፤ በጽሑፋችሁ ላይ ያጣሁት እሱን ነው። «ሰው ሁሉ ይታመናል ወይስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ በብዙ መጠይቅ ላይ ይገኛል። አንድ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ይህን ስጠይቃቸው ተነስተው መስኮቱን ዘጉ። ከዚያ በለሆሳስ «ልጄ፣ በር አንኳኩቶ ስም የሚጠይቅ ሰው እኔ ዱሮ አውቃለሁ» አሉኝ። የቀይ ሽብር ጊዜ ሃያ ዓመታቸው ነበር። መልሳቸው «ጥንቃቄ ያስፈልጋል» ተብሎ ከ68 ጎን ተመዘገበ። ውጤቱ ሲታተም «አዛውንት ሰው አያምኑም» ይባላል። ሰውየው ግን ሰው ማመን የተዉት በሃያ ዓመታቸው እንጂ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አይደለም። ዛሬ ሠላሳ ዓመት የሞላው ልጃቸው ስልሳ ስምንት ሲሞላው እንደ አባቱ መስኮት ይዘጋል ብሎ ከዚያ ቁጥር መተንበይ አይቻልም።

ይህንን እኔ አይደለሁም መጀመሪያ ያየሁት። ዋርነር ሻዪ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1956 እ.ኤ.አ. ሲያትል ውስጥ 500 ጎልማሶችን በአእምሮ ችሎታ ፈተኑ፤ ከዚያም በየሰባት ዓመቱ እየተመለሱ እነዚያኑ ሰዎች እንደገና ፈተኑ። በአንድ ቀን ወጣትና አዛውንት ጎን ለጎን ሲነጻጸሩ ችሎታ ገና ከወጣትነት ጀምሮ ቁልቁል የሚሄድ ይመስል ነበር። ያንኑ ሰው በዓመታት ውስጥ ሲከተሉት ግን አብዛኛው ችሎታ እስከ ስልሳዎቹ ድረስ ብዙም አይወርድም። ልዩነቱን ያሰፋው የተወለዱበት ዘመን ነበር፤ ትምህርቱ፣ ጤናው፣ የለመዱት ሥራ። እኛ አገር ይህ ልዩነት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አስቡት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመቻ ልጅ ታቅፋ ፊደል የቆጠረችን እናትና በአምስት ዓመቷ መዋዕለ ሕፃናት የገባችውን የልጅ ልጇን እርሳስና ወረቀት ሰጥቶ ማወዳደር የዕድሜ ጥናት አይደለም። እኛ ዘንድ ደግሞ ብር የሚገኘው ለአንድ ዙር ብቻ ነው፤ ሰውን ተከትሎ በሰባተኛው ዓመት የሚመለስ ጥናት በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሠርቼ አላውቅም።

በዚያው በአረጋውያን ጥናት ላይ አንዲት እማማ ነበሩ። በደብተሬ ስናሰላ ጣሊያን ሲወጣ ጡት ሊጥሉ የደረሱ ናቸው፤ ሰማንያ አምስት ገደማ። አሥር ቃላት አነብላቸውና የያዙትን ይመልሱልኛል። መጠይቁ አስቀድሜ እንዳነብ የሚያዝዘኝ ዓረፍተ ነገር «አሁን የማስታወስ ችሎታዎን እንፈትናለን» የሚል ነው። አነበብኩት። ምራታቸው ቴሌቪዥኑን አጠፋች፣ የልጅ ልጆቹ ሊያዩ ተሰበሰቡ። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከአሥሩ ሦስት መለሱና «አረጀሁ እኮ ልጄ፣ ተዪኝ» አሉ። ታብሌቱ ላይ 3 ብዬ ወደሚቀጥለው አለፍኩ፤ ወደኋላ መመለስ አይፈቅድም።

ስጨርስ ቡና ሳትጠጪ አትሄጂም ተባልኩ። እማማ ራሳቸው ሊቆሉ ተቀመጡ። ቡናው ሲንቻቻ ድንገት ቀና ብለው «ድልድይ ብለሽኝ ነበር አይደል?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ትንሽ ቆይተው «መርፌ»። ሲወቅጡ «ማር»፣ «በሬ»። ረከቦቱ ላይ ስኒ እየደረደሩ «ጃንጥላ» አሉና ምራታቸውን ዞር ብለው አዩ። ሦስትና አምስት ስምንት። የተላከው ቁጥር ግን 3 ነው።

በ2001 እ.ኤ.አ. ራሃል፣ ሃሸር እና ኮልኮምብ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ በሙከራ አሳይተዋል። ለወጣትና ለአዛውንት አንድ ዓይነት ሥራ ሰጥተው፣ መመሪያው ላይ ማስታወስን አጉልተው ሲናገሩ አዛውንቶቹ ዝቅ ብለው ታዩ፤ ያንን ቃል ሲተዉት ልዩነቱ አልታየም። የእኛን መጠይቅ ያዘጋጀው ሰው ይህን ቢያውቅ ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ባወጣት ነበር። ማውጣት ምንም ወጪ የለውም።

ጠያቂዋም ዕድሜ አላት። ሃያ ሦስት ዓመቴ ሳለ የቤቱ አባወራ ስለ ትዳር ሕይወታቸው ስጠይቃቸው «አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ጥሪልኝ» ይሉኝ ነበር። አሁን አርባ አንድ ሆኛለሁ፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ለተመሳሳይ ሰው ሳነብ ይመልሱልኛል። ወጣቶቹ ደግሞ በተራቸው ይሸሹኛል። መጀመሪያ አንድ የባጃጅ ልጅ «ማዘር፣ ግቢ» ያለኝ ቀን ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጫትና ስለ መጠጥ የሚመልሱልኝ መልስ ተለወጠ፣ ሁሉም ጨዋ ሆኑ። መጠይቁ ሁሉንም «እርስዎ» ይላል። አሥራ ስድስት ዓመት ለሆነው ልጅ «እርስዎ ባለፈው ሳምንት ተቆጥተዋል?» ስለው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ይሥቃል፤ «አንተ» ስለው በቁም ነገር ይመልሳል። በኦሮምኛ ስንጠይቅም «አቲ» እና «ኢሲን» መካከል ያው ነው። በመልሱ ውስጥ የተጠያቂው ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የሁለታችን ዕድሜ አለበት፤ የጠያቂዋ ዕድሜ ግን የትም አይመዘገብም።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ያውቃል። ሽማግሌ ማለት ያረጀ ሰው ነው፤ ለዕርቅና ለጋብቻ የሚላክ ሰውም ነው፣ አርባ ዓመት ቢሆነውም። ሠላሳ አምስት የሞላው ወንድ ካላገባ በእናቱ ቤት ልጅ ነው። ሴት ከሆነች ደግሞ «ቆማ ቀረች» ትባላለች። ይህን ቃል እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣም አውቃለሁ። በርኒስ ኒውጋርተን የተባሉ የቺካጎ ተመራማሪ ሰው ሁሉ በውስጡ ማኅበራዊ ሰዓት አለው ብለው ነበር፤ ለማግባት፣ ለመውለድ፣ ለሥራ «ጊዜው ነው» ወይም «አልፏል» የሚል። ሰውን የሚያስጨንቀው ብዙ ጊዜ ዓመቱ ሳይሆን ከዚያ ሰዓት መዘግየቱ ነው። በዴንማርክ ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ደግሞ ከአርባ በላይ የሆኑ ሰዎች ከዕድሜያቸው በ20 በመቶ ገደማ ያነሱ ሆነው እንደሚሰማቸው ታይቷል። በእኔ ሥራ በተለይ ወንድ አዛውንቶች ዓመት ሲጨምሩ ነው የማየው። ሰማንያ የሞላው ሰው በዕድር ወንበር ይለቀቅለታል፣ ቀድሞ ይመርቃል። እዚያ ማነስ ክብር ከሆነ እዚህ መብለጥ ክብር ነው፤ የዴንማርኩን ቁጥር ተርጉሞ «አዛውንቶቻችን» ማለት አይሆንም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁን የምለምነው አለ። «ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎች» የሚል ጽሑፍ ሲመጣላችሁ ጸሐፊውን ዕድሜው እንዴት እንደተጠየቀ ጠይቁልን፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደተሰላ፣ ሰዎቹ አንድ ጊዜ ይሁን ተደጋግመው እንደተጠየቁ። ለተመራማሪዎቹም አንድ ቃል አለኝ። ለዕድሜ ጥያቄ አሥር ደቂቃ ስጡን፣ የጠያቂዋንም ዕድሜ መዝግቡ።

ደብተሬ አሁን ሦስተኛው ነው። ከ1911 የኅዳር በሽታ ጀምሮ እስከ ፈጣን መንገዱና እስከ አዲሱ ባቡር ድረስ ገብቷል፤ የአዳማና የወንጂ ሰው የሚያውቀውን ክስተት በየዓመተ ምሕረቱ፣ በአጠገቡም የፈረንጁን ዓመት አስፍሬበታለሁ። ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ለሚፈልግ ተማሪም ሆነ ተመራማሪ በነፃ እሰጣለሁ፤ ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ልኬያለሁ። የየሰፈሩን ነገር የሚያውቁ የከተማችን አዛውንቶችም የጎደለ ካለ ቢልኩልኝ እጨምርበታለሁ፤ በተለይ ከቆቃ ግድብ በፊት ያለው ገጽ ገና ሰፊ ክፍት ቦታ አለው።

ዳታ ሰብሳቢ፣
ከአዳማ